ለግል የፒያኖ መምህራን፦ ልጁ ብቻውን ሲቀመጥ

ቤት ለቤት እየዞራችሁ ወይም በራሳችሁ ሳሎን ፒያኖ የምታስተምሩ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ናችሁ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣችሁ አላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወታችሁ ያደጋችሁ አላችሁ፤ ቪዲዮ እያያችሁ በራሳችሁ ጥረት እዚህ የደረሳችሁም አላችሁ። ከየትም ብትመጡ አንድ ነገር አጥብቄ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ጣታቸው ግሩም ሆኖ ተማሪዎቻቸው ግን ፈቅ የማይሉላቸውን መምህራን አይቻለሁ፤ በመጫወት መካከለኛ ሆነው ተማሪ የሚያወጡም አይቻለሁ። ልዩነቱ ያለው ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ነው። ተማሪያችሁ ከእናንተ ጋር የሚሆነው በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። በቀሩት ቀናት ፒያኖው ፊት የሚቀመጠው ብቻውን ነው። ጣቱ የሚሠራውም የሚበላሸውም ያኔ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚለማመድ አስተምሩት።

«በቀን ሠላሳ ደቂቃ ተለማመድ» ብሎ መውጣት ማስተማር አይባልም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚያ ሠላሳ ደቂቃ የሚያደርገውን እናውቀዋለን። ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የሚችለውን ቦታ በፍጥነት ያልፈዋል፤ ሲሳሳት ይቆማል፤ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰዓቱ ሲያልቅ የሚችለውን ደጋግሞ ችሏል፣ የማይችለውን ደጋግሞ ተሳስቷል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው። የባሰው ደግሞ ስሕተቱ ራሱ ልምምድ ሆኖ ጣቱ ውስጥ መቅረቱ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታስተምሩትን የሶል ሜጀር ሚኒዌት እንውሰድ። ለባኽ ሚስት ለአና ማግዳሌና እ.ኤ.አ. በ1725 በተጀመረው ደብተር ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ለረጅም ጊዜ የባኽ ሲባል ኖሮ የክርስቲያን ፔትሶልድ ሥራ መሆኑ በኋላ ታውቋል። ቀኝ እጅ በትንሿ ጣት ሬን ይመታል፤ ከዚያ ከአውራ ጣት ተነሥቶ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ እያለ ይወጣል። ሁለተኛው ባር ላይ ሬ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ሶል። እስከዚህ ድረስ እጁ ከቦታው አይነቃነቅም። ሦስተኛው ባር ላይ ሲደርስ ልጁ ይደናቀፋል። መምህሩም «ሦስተኛውን ባር ደጋግመህ ና» ይለዋል። እስቲ ሦስተኛውን ባር ለብቻው አጫውቱት፤ ምንም ስሕተት የለበትም። ችግሩ ያለው በሁለቱ ባሮች መካከል ነው። አውራ ጣቱ የመጨረሻውን ሶል እንደመታ እጁ ተነሥቶ በመሐል ጣት ላይኛውን ሚ ማግኘት አለበት። ያን መሻገር ማንም አላስተማረውም።

መድኃኒቱ ሁለት ኖታ ነው። ሶልን በአውራ ጣት ይምታ፤ እጁን ያሻግር፤ ሚ ላይ ድምፅ ሳያወጣ ጣቱን ያሳርፍ፤ ትክክል መሆኑን ይይ፤ ከዚያ ይምታ። አምስት ጊዜ ያለ ስሕተት ከሄደለት ከሁለቱ ሶሎች በፊት ያለውን ሬ፣ ከሚ በኋላ ያለውን ዶ ይጨምር። እንዲህ እየሰፋ ሁለቱ ባሮች ይገጥማሉ። ይህን ሁሉ አጠገባችሁ ተቀምጦ ራሱ ያድርገው። ዛሬ እናንተ ፊት ያላደረገውን ነገ ብቻውን ያደርገዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

በዚህ ጊዜ የእናንተ ፈተና ዝም ማለት ነው። ልጁ ሲጫወት አታውሩ፤ «ፋ ሻርፕ! ፋ ሻርፕ!» እያላችሁ ከኋላ አትጩኹ። ሲጨርስ «የቱ ጋ ተቸገርህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ አካባቢ አያውቀውም፤ ትከሻውን ይሰብቃል። ታገሡት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሱ ጣቱን ኖታው ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ፣ ቲቸር» ማለት ሲጀምር ከባዱን ሥራ ጨርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱም ውስጥ የሚያዳምጠው ሰው አለ ማለት ነው፤ እሱ ራሱ።

«ቤት እኮ እችለው ነበር» የሚለውን ደግሞ ውሸት ነው ብላችሁ አትለፉት። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ቤት ያለው ኪቦርድ ቁልፉ ቀላል ነው፤ የእናንተ ፒያኖ ይከብደዋል። ወይም ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ነበር የሚጫወተው፤ እናንተ ፊት ደግሞ ለማሳየት ይፈጥናል። «ቤት በተጫወትህበት ፍጥነት አሰማኝ» በሉት። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የከበደው ቦታ እንደሆነ ያን ጊዜ አስረዱት። እዚያ ቦታ ላይ ሳይደናቀፍ የሚያልፍበት ፍጥነት የዘፈኑ ሁሉ ፍጥነት ነው፤ ሜትሮኖሙን እሱ ላይ አድርጉት፤ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል።

ሁልጊዜ ደብተር ይኑር። «ገጽ 12 ተለማመድ» ብላችሁ አትጻፉ። የትኛው ቦታ፣ በየትኛው እጅ፣ በምን ፍጥነት፣ ስንት ጊዜ ትክክል እንዲሆን እንደምትፈልጉ ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል። ከሦስት በላይ ከሆነ ልጁ አንዱንም አይዘውም። የመጀመሪያው ልምምድ በዚያው በተማረበት ቀን ይሁን፤ ዐሥር ደቂቃም ቢሆን። እስከ ማግስቱ ከቆየ የነገራችሁት ግማሹ ይተናል። የኖታ ንባብም ቸል አይባል፤ በየትምህርቱ አምስት ደቂቃ አይቶት የማያውቀውን ቀላል ነገር ያንብብ። የጣት ቁጥር ብቻ እያነበበ ኖታ የሚያነብ የሚመስል ልጅ ብዙ ነው። ቁጥሮቹን አጥፉና ታገኙታላችሁ።

ወላጆች ሙዚቃ አያውቁም ብላችሁ ከነገሩ አታውጧቸው። አንዲት እናት ኖታ ሳታነብ ልጇን ትረዳለች፤ ከእሷ የሚፈለገው ለሃያ ደቂቃ ቴሌቪዥኑን መዝጋትና «ቲቸር ደብተሩ ላይ ምን ጻፉልህ? እስቲ አሳየኝ» ማለት ነው። ይህን በግልጽ ንገሯት፤ ካልነገራችኋት «ተለማመድህ? ጨረስህ?» እያለች ፒያኖውን ቅጣት ታደርግበታለች።

ስለ ገንዘብም ይሉኝታ አይያዛችሁ። የወሩ ክፍያ መቼ እንደሚከፈል፣ ልጁ ሲቀር ትምህርቱ ይተካ እንደሆነ፣ በበዓልና በፈተና ሰሞን ምን እንደሚሆን በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፣ ጽፋችሁም ስጡ። በሦስተኛው ወር የምትኮራረፉት ሳትነጋገሩ ስለምትጀምሩ ነው። ሌላም ከባድ ነገር አለ። ከሰው ልጅ ጋር በሰው ቤት ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ። በሩ ክፍት ይሁን፤ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር፤ የልጁን እጅ ለማስተካከል ስትነኩ አስፈቅዱት። ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል፤ ለድርድር አታቅርቡት።

መሣሪያን በተመለከተ በአጭሩ ልበል። ወላጅ ኪቦርድ ልግዛ ብሎ ሲያማክራችሁ ከተቻለ 88 ቁልፍ ያለውና ቁልፉ ክብደት ያለው ይሁን በሉት፤ 61 ቁልፍ ያለውና ቀላል የሆነው ለጅማሬ ያገለግል እንጂ ጣት አያጠነክርም። እውነተኛ ፒያኖ ያለው ቤት ደግሞ መስኮት ሥርና ምድጃ አጠገብ አያኑረው። እንጨት የክረምቱን እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይደርቃል፤ ቅኝቱ የሚወርደውና የሚወጣው ለዚህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲረጋ ማስቃኘት ጥሩ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ የመጀመሪያው ትምህርት በምን ይጀመር? ሾፓን ፓሪስ ውስጥ ይተዳደር የነበረው በዋናነት በግል በማስተማር ነው። የተማሪን እጅ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ሲ ላይ ነበር። ረጃጅሞቹ ሦስት ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ነጮቹ ላይ ያርፋሉ፤ እጅ ሳይጨናነቅ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ዶ ሜጀርን ለማንበብ ቀላል ቢሆንም ለእጅ ከባድ ነው ብሎ ስኬሉን መጨረሻ ላይ ነበር የሚያስተምረው። ሲ ሜጀርን ያስቀድም ነበር።

ለእኛ ልጆች ጥቁሮቹ ቁልፎች ሌላም በረከት አላቸው። ከፋ ሻርፕ ተነሥታችሁ አምስቱን ጥቁሮች በተራ ብትመቱ ትዝታ ሜጀርን ታገኛላችሁ። እንግዲህ ልጁ ኖታ የሚባል ነገር ሳያይ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እናንተ በግራ በኩል ፋ ሻርፕንና ዶ ሻርፕን በዝግታ ያዙለት፤ እሱ ጥቁሮቹ ላይ እንደፈለገ ይሂድ። የሚጎረብጥ ድምፅ አይገጥመውም። የሚያውቀውን ዜማ ፈልጎ ሲያገኝ ፊቱን እዩት። ቀጥሎ ያንኑ ዜማ ነጮቹ ላይ፣ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አጫውቱት፤ አንድ ዜማ ከቦታ ቦታ እንደሚዛወር ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ቆየት ብላችሁ አምጡ። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ አገር የሐበሻ ልጆች የምታስተምሩ ይህን አትለፉት፤ አያቱ በስልክ እየሰሙት የሚያውቁትን ዜማ የሚጫወትላቸው ልጅ ማንም ሳይገፋው ይለማመዳል።

እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አሰሟቸው። ጊዜው እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ቀኝ እጅ እንዴት እንደሚያንጎራጉር ያድምጡ። ዘግይተው ለሚጀምሩ ጎልማሶች ደግሞ ግርማ ይፍራሸዋን ጥቀሱላቸው፤ በክራር ጀምሮ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ሲገባ በ16 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሮ በዓለም መድረኮች ተጫውቷል።

የመጨረሻው ልመናዬ ይህ ነው። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 ደብተር የጀመረው ለዘጠኝ ዓመት ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን ነው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚማርባቸው ኢንቬንሽኖች መጀመሪያ የተጻፉት እዚያ ውስጥ ነው። ሹማን በ1848 ለወጣቶች ያዘጋጀውን አልበም የጀመረው ለሴት ልጁ ልደት ብሎ ነው። ባርቶክ ከ153ቱ የማይክሮኮስሞስ ሥራዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ለልጁ ለፔተር አበርክቷል። ሁሉም ፊታቸው ለተቀመጠ አንድ ልጅ ነው የጻፉት። እናንተም ጻፉ። ለዚያች ግራ እጇ ለደከመባት ልጅ ስምንት ባር የምታህል ነገር በባቲ ጻፉላት፤ አውራ ጣቱን ማሳለፍ ላቃተው ልጅ በአምባሰል ጻፉለት። ስሙን ላዩ ላይ አድርጉለት። የሠራላችሁን አትጣሉት፤ በንጹሕ ገልብጡና ለሌላው መምህር ስጡት፤ የእሱንም ተቀበሉ። አሁን በየቤቱ የምናስተምርባቸው የጀማሪ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል የውጭ ናቸው፤ በቅኝታችን ደረጃ በደረጃ የሚሄደውን የጀማሪ መጽሐፍ ልጆቹን በየሳምንቱ ከምታዩት ከእናንተ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም።