ከአደጋ የተረፈ ሰው ማንን ያመሰግናል?

የመኪና አደጋ የደረሰበት ቤት ጠያቂ አያጣም። አንዱ ገና ከበሩ ሳያልፍ «እንኳን እግዜር አተረፋችሁ» ይላል፤ ጎረቤት ያሉት ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ይገባሉ፤ ቡናው ሲቀዳ ደግሞ «ብረት ነው፣ ይጠገናል፤ ዋናው የሰው መትረፍ ነው» የሚለው ማጽናኛ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ቤተሰቡም «ተመስገን» ይላል። የሚለውም ከልቡ ነው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ሲጫወቱ እያየ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ማታ ጠያቂው ተሸኝቶ ሲያልቅ ግን ከጋራዥ የመጣው ወረቀት ከኪስ ይወጣል። ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ፓራብሬዛ፣ የግራ ፍሬቻ፣ ራዲያተር፣ ላሜራና ቀለም። ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ የጠየቀ ሰው የሚሰማው ዋጋ ከቀድሞው ጋር አይገናኝም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ያለው ባለመኪና የራሱን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ከራሱ ኪስ ነው። ሙሉ መድን የገባውም ቢሆን ራሱ የሚችለው ድርሻ አለበት፤ ጉዳዩ እስኪያልቅም በታክሲ ይመላለሳል። ለልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ፣ በቅርቡ የሚወጣው ዕቁብ፣ ከወንድም የሚበደሩት ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ ያልቃል።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቀን በጠያቂ ፊት የተባለው «ተመስገን» እና ሌሊት ወረቀቱን ይዘው የሚሉት አንድ ናቸው? በወጪው የሚበሳጭ ሰው ምስጋናውን አፈረሰ ማለት ነው?

ብዙ ሰው «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ነፍሱ ተርፋ ለገንዘቡ የሚያዝን ሰው ምስጋና ቢስ ይባላል። ይህ ፍርድ ግን ትክክል አይደለም። ገንዘብ የተጠራቀመበት ድካም አለው። የሚኒባስ ሹፌር መኪናው ጋራዥ ስትቆም አብሮ የሚቆመው የልጆቹ እንጀራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት እንዳስረዱት፣ ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። ስግብግቡም ቸሩም እንዲህ ነው። «ብረት ነው» የሚለው ቃል ከጠያቂ አፍ ሲወጣ መልካም ማጽናኛ ነው፤ ያዘነውን ሰው ዝም ማሰኛ ሲሆን ግን ደግነቱ ይጠፋል። ሐዘኑን እንዲደብቅ የተገደደ ሰው ምስጋናውንም ከልቡ ሊያወጣው አይችልም።

ሕጉ እንኳ ሰውንና ንብረትን ለየብቻ ነው የሚጽፋቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559 ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለውን የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለውን ደግሞ 100,000 ብር አድርጎ ደንግጎ ነበር። አዋጁ ከዚያ በኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው መደንገጡ አይቀርም፤ ይሁንና ሰው ከመኪና ያንሳል ለማለት የተጻፉ አይመስሉም። ንብረት የገበያ ዋጋ ስላለው ደረሰኝ ይቀርብለታል። ለሰው ሕይወት ደረሰኝ የሚያቀርብ ስለሌለ ሕጉ አንድ ቁጥር ቆርጦ ከማስቀመጥ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የቤተሰቡም ሒሳብ እንዲሁ ነው። የልጅ መትረፍና የኮፈን ዋጋ አንዱ ከሌላው አይቀነስም። ምስጋናው ከድምሩ ላይ አንድ ሳንቲም አያነሳም፤ ድምሩም ምስጋናውን አያሳንሰውም። ሁለቱን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ልብ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ መያዝ ይቻላል፤ ጤነኛ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሌላው የተለመደ መንገድ ንጽጽር ነው፤ «የባሰ አለ» ይባላል። ይህ ማጽናኛ እንደሚሠራ አይካድም። ቪክቶሪያ ሜድቬክ፣ ስኮት ማዲና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የባርሴሎና ኦሎምፒክ የተቀረጹ ምስሎችን መርምረው በ1995 ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኙት አትሌቶች ብር ካገኙት የበለጠ ደስ ብሏቸው ታይተዋል። ብር ያገኘው ያመለጠውን ወርቅ ያስባል፤ ነሐስ ያገኘው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል እንደነበር ያስባል። መኪናው የተጨፈለቀበት ቤተሰብም «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ» እያለ ወደ ታች ሲያይ ልቡ ይረጋል።

ግን ይህ ምስጋና የቆመበት መሬት ያሳስባል። የባሰው ያለው እኮ ሌላ ሰው ቤት ነው። አንዳንዴም እዚያው አደጋ ውስጥ ነው፦ አንደኛው መኪና ውስጥ የነበሩት በሙሉ ተርፈው፣ ከሌላኛው አንድ ሰው አልጋ ላይ ቀርቶ ይሆናል። የአንዱ «ተመስገን» በሌላው ስብራት ላይ ከተመሠረተ፣ ያ አልጋ ላይ የቀረው ሰው በምን ሊያመሰግን ነው? ከእሱ የባሰ ፈልጎ ማግኘት አለበት? ወደ ታች እየተያየ የሚሄድ ምስጋና መጨረሻው ላይ ያለውን ሰው ባዶ እጁን ይተወዋል።

እዚህ ላይ ሻምበል አበበ ቢቂላን ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በስድስተኛው ሳምንት ግድም ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11 ገብቶ ማራቶንን በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። አበበ እስከ ማግስቱ ጠዋት ውስጧ ተይዞ አደረ። ሲወጣ እጅና እግሩ አይታዘዙለትም ነበር። ወደ እንግሊዝ ተልኮ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። ሆስፒታሉ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ያከመበትና የዛሬው ፓራሊምፒክ የተጸነሰበት ቦታ ነው። የአበበ እጆች ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

እንዲህ ላለ ሰው ወደ ኋላ ማየት ሕመም ነው። የዓለም ፈጣን የነበሩ እግሮችን ያጣ ሰው ከማን ጋር ተነጻጽሮ ይጽናናል? አበበ ግን በንጽጽር መንገድ አልሄደም። ኦሎምፒክ ማሸነፉም አደጋውም የፈጣሪ ፈቃድ መሆናቸውን፣ ያኛውን እንደተቀበለ ይሄኛውንም እንደሚቀበል ተናግሯል። ተናግሮም አልተቀመጠም። በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1972 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ስታዲየም በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈ። የቀሩትን ሁለት እጆች ይዞ ቀስት የገተረ ሰው ለእነዚያ እጆች ያለውን ምስጋና በሥራ አሳይቷል። ከሌላ ሰው ጉዳት አንዳች አልተበደረም።

በ1978 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎችና በአደጋ ሽባ የሆኑ 29 ሰዎችን አነጋገሩ። አደጋ የደረሰባቸው ካልተጎዱት ያነሰ ደስታ እንዳላቸው ቢናገሩም፣ ሰው እንደሚገምተው ያህል አልጠለቁም፤ የሰጡት መልስ ከመለኪያው መሐል በላይ ነበር። ያለፈውን ሕይወታቸውን ግን ከሌሎቹ የበለጠ ይናፍቁት ነበር። ናፍቆቱም ደስታውም አብረው ኖረዋል።

ታዲያ ምስጋናው ለማን ነው? የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፋቸው ሰባት መጻሕፍት ውለታ የሚለካው በተሰጠው ዕቃ ሳይሆን በሰጪው ፈቃድ ነው ይላል። ይህን ሐሳብ ተከትሎ ለሚሄድ ሰው፣ ለዕድል ማመስገን ትርጉም ያጣል፤ ዕድል ፈቃድ የለውምና። አማኙ መልሱን ያውቃል፤ በቅዳሴውም በሶላቱም ምስጋና ከልመና አይለይም። ቢሆንም አማኙ ፊት አንድ ከባድ ጥያቄ ይቆማል፦ እኔን ያተረፈ ያኛውን ለምን ተወው? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ የለም፤ መልስ አለኝ የሚል ሰው ካለም ልጁ በሞተበት ወላጅ ፊት ደፍሮ መናገር መቻል አለበት። ይልቅስ ያ ጥያቄ ምስጋናን ትሑት ያደርገዋል። «እኔ ስለሚገባኝ ተረፍኩ» የሚለውን ትምክህት ከሥሩ ይነቅለዋል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ሞራልና ዕድል ባቀረበው ጽሑፍ ያነሳው የጭነት መኪና ሹፌር እዚህ ይጠቅማል። ሹፌሩ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሕፃን ይገጫል። ሰው ሁሉ «ጥፋትህ አይደለም» ይለዋል፤ ትክክልም ናቸው። እሱ ግን ቶሎ ቢጽናና ሁሉም ይታዘበዋል። መሪውን ይዞ የነበረው አባትም እንዲሁ ነው። ልጆቹ ስለተረፉ ያመሰግናል፤ ስለ ሌላኛው መኪና ሰዎች ሆዱ ይበላዋል። ይህን ጭንቀት ከምስጋናው ነጥሎ ማውጣት አይገባም። ሆስፒታል ሄዶ የሌላኛውን ወገን ታማሚ የሚጠይቅ ሰው፣ ስብከት ሳያስፈልገው፣ ምስጋና ምን እንደሚመስል እያሳየ ነው።

ሴኔካ እንደሚላቸው ያሉ ፈቃድ ያላቸው ሰጪዎች ግን እዚያው አደጋው ቦታ ላይ ነበሩ። ሌላ መኪና መጥቶ እንዳይደርብ ቅጠል ቆርጦ፣ ድንጋይ ደርድሮ መንገዱ ላይ ያስቀመጠው እረኛ፤ የተጣመመውን በር በብረት የፈለቀቀው የጭነት መኪና ሹፌር፤ የምታለቅሰውን ልጅ በነጠላዋ ጠቅልላ አስፋልቱ ዳር የያዘቻት ሴት፤ «ካርድ አውጡ» ሳትል ቁስሉን ማጠብ የጀመረችው ነርስ። እነዚህ ሰዎች ቢፈልጉ አልፈው መሄድ ይችሉ ነበር። ከእነሱም ራቅ ያለ አለ። ኒልስ ቦሊን የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. ቮልቮ ውስጥ ሲሠራ ትከሻና ወገብን የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አስተዋወቀ፤ ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው። ዛሬ ሰንዳፋ ወይም ሞጆ መንገድ ላይ በቀበቶ የተረፈ ሰው ስሙን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ባለዕዳ ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። ገና የጋራዡን ዕዳ ያልጨረሰ ቤተሰብ ሌላ ወጪ ያወጣል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ወይም ጧፍ ይዞ ስለቱን ሊያስገባ ይሄዳል፤ ዝክር ያወጣል፤ ሙስሊሙ ሰደቃ ያበላል። በወጪ ላይ ወጪ ነው፤ የሒሳብ ሰው ቢጠየቅ አይመክረውም። ነገር ግን ቤተሰቡ ሁለቱን ወጪዎች አያምታታቸውም። የመጀመሪያውን አደጋው ነጠቀው፤ ሁለተኛውን ራሱ ፈቅዶ ሰጠ። ኪሱ በተራቆተበት ሰሞን ከቀረው ላይ ቆንጥሮ የሚሰጥ ሰው፣ ወረቀቱ ሁሉን እንዳልወሰደበት ለራሱ ያረጋግጣል። አቅሙ የማይፈቅድ ቤት ደግሞ ለሰፈር ልጆች ዳቦ ቆርሶ ቢያበላ ምስጋናው አያንስም፤ ተበድሮ ድግስ መደገስ ግን ልጆቹን ሁለተኛ ጊዜ መጉዳት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ በቅርቡ «እንኳን አተረፋችሁ» የተባለ ቤተሰብ ካለ፣ ድንጋጤው ሳይረሳ ሁለት ነገር ያድርግ። በዚያ ቀን ቆሞ የረዳውን ሰው ስልክ ፈልጎ ይደውልለት፤ ቁጥሩ ከሌለው ቦታው ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ደግሞ ልጅን የፊት ወንበር ላይ ጭን ውስጥ አቅፎ መጓዝ ይብቃ፤ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ለዕድሜያቸው በሚስማማ መቀመጫና ቀበቶ ይታሰሩ።