ድሮን ከእናትሽ ጓዳ ፈልጊው

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ስንጠጣ ከስልክሽ ያሳየሽኝ ሥዕል ከዓይኔ አልጠፋም። ነጭ ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ፣ በአሮጌ ጠርሙስ የተሰካ አበባ፣ ቀለሙ የለቀቀ የእንጨት ሣጥን። «ለልጄ ሦስተኛ ዓመት እንዲህ ድሮ ድሮ የሚል ልደት ላዘጋጅ፤ ሁሉም ነገር በእጅ የተሠራ ይሁን» አልሽኝ። ከአዳራሽ ኪራይና ከሞንታርቦ ጩኸት ሸሽተሽ በገዛ እጅሽ ልትሠሪ ማሰብሽ በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ። ሰው በዝቶ ስለነበር ግን ሐሳቤን በቅጡ አልነገርኩሽም። ያ ያሳየሽኝ ድሮ የሌላ አገር ሰው አያት ድሮ ነው። የራሳችን ድሮ እናትሽ ጓዳ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

አንድ እውነት ላስቀድም። እኛ ልጆች ሳለን ልደት አይከበርም ነበር። አራስ ቤት ገንፎ ይገነፋል፤ የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ማርቃ የሚሉት። ሴቶቹ ተሰብስበው ዙሪያውን ይበላሉ፣ ይመርቃሉ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ይደገሳል። ከዚያ ወዲያ የልጅ ዕድሜ የሚጠየቀው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ያኔም እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ የወዲያኛውን ጆሮ ከነካ ደርሷል ይባላል። እናቴ «የወለድኩሽ ወንጂ ስኳር ማውጣት በጀመረ በዓመቱ፣ እሸት ሲደርስ ነው» ነበር የምትለኝ። ሆላንዶቹ የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመሩት በ1946 ዓ.ም. ስለሆነ የእኔ ዓመት 1947 መሆኑን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አስልቼ ደረስኩበት። ቀኑን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ያንቺ ልጅ ቀን ግን ኅዳር 20 ተብሎ በክብር መዝገብ ተጽፏል፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተጀመረ በኋላ ነው የተወለደችው። ቀኗን ማክበር የሚገባ ነው እንድል ያደረገኝም ይኸው የእኔ ቀን መጥፋት ነው።

እንግዲህ የሚገለበጥ «የድሮ ልደት» የለም። የድሮ ልጅነት ግን ነበር። እንቁጣጣሽ ነበር፣ ቡሄ ነበር፣ እቃቃ ነበር። የምትቀጂው ከእነዚህ ነው።

የጥሪ ወረቀቱን ከእንቁጣጣሽ ውሰጂ። ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ሥለው ቤት ለቤት የሚያዞሩትን ወረቀት አንቺም ደርሰሽበታል። ከማተሚያ ቤት የታተመ ካርድ ከሚመጣ የልጅሽ እጅ የነካው ይሂድ። የሦስት ዓመት ልጅ አበባ አትሥልም፤ እርሳስ ቀለሙን በጡጫዋ ጨብጣ ክብ ነገር ታሽከረክርና «ይቺ እማዬ ናት» ትልሻለች። እሱኑ ለሁለት አጥፊው፣ ውስጡ ሰዓቱን ጻፊ፣ ከእሷ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በየጎረቤቱ አድርሱ። አሥራ ሁለት ልጅ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ እናት እንግዳ ስታስተናግድ ትውላለች እንጂ ልጇን አታያትም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ወደ ጨርቁ። እንደምታውቂው ለብዙ ዓመት ባልትና ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሲንጀሬም እስካሁን ይሠራል። ፊኛ ከምትሰቅይ ጨርቅ ስቀይ። ከልብስ ሰፊ ዘንድ ቁርጥራጭ ለምኚ፤ በከረጢት ይሰጡሻል። ከዚያ በላይ የምወደው ግን የቤት ጨርቅ ነው፤ የእናትሽ ያረጀ ሻሽ፣ የአባትሽ ሸሚዝ፣ ልጅቷ ሕፃን ሳለች የታቀፈችበት ፎጣ። ከካርቶን አንድ ሦስት ማዕዘን ቁረጪ፤ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20። እሱን ጨርቁ ላይ እያስቀመጥሽ በሳሙና ስባሪ አስምሪና በመቀስ አውጪ። በየመካከሉ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ትተሽ ብትሰፊያቸው ለአሥር ሜትር ሲባጎ ሃምሳ ይበቃሻል። ጠርዙን አጥፈሽ አትስፊው፤ ትንሽ ቢተረተር ያምርበታል። ያ ጨርቅ ታጥቦ ታጥፎ ለአራተኛ ዓመቷም ይሰቀላል፤ ለታናሿም እንዲሁ። እንግዶች ሲመጡ ደግሞ እናትሽ ቀና ብላ «ይሄ እኮ ለእገሌ ሠርግ የለበስኩት ነው» ትላለች። ይህን ወሬ የትኛውም መደብር አይሸጥልሽም።

ቀሚሷን በተመለከተ የራሴን ስሕተት ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት ናይለን ዳንቴል በሦስት ዙር የደረደርኩበት ቀሚስ ሰፋሁላት። ሰው ሁሉ አደነቀው። ልጅቷ ግን አንገቷን እየፎከተች ስታለቅስ ዋለች፤ ማታ ሳወልቅላት ብብቷ ሥር ቀይ መስመር ሠርቶ አገኘሁ። ያን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለልጅሽ ከታጠበ አቡጀዴ ወይም ከለሰለሰ የሸማ ጨርቅ ስፊላት፤ አንገቱ ሰፋ ይበል፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋ፣ ከታች አራት ጣት የሚሆን እጥፋት ይተው። ጥለት ብትፈልጊ ከአሮጌ ነጠላ ቆርጠሽ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ አድርጊ። የጨርቅ አሻንጉሊት ከሠራሽም ዓይኗን በቁልፍ አታድርጊው፤ ቁልፍ ተነቅሎ አፍ ይገባል። በጥቁር ክር ጥለፊው።

ምግቡ ላይ ቀኑን አስቢ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ልደቷ አምስት ቀን ጾም ውስጥ ነው ማለት ነው። ሕፃናቱ አይጾሙም፣ እናቶቻቸው ግን ይጾማሉ። በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ኬክ ብታስመጪ ግማሹ እንግዳ እያየ ይቀመጣል። ሥጋም አታስገቢ። ግቢያችን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ አንዱ የአንዱን ሥጋ አይበላም፣ እንጀራና ዳቦ ላይ ግን ሁሉም ይገናኛል። ስለዚህ ድፎ ዳቦ ጋግሪ፤ በዘይት የታሸ ድፎ ጾመኛውንም ያልጾመውንም አንድ ላይ ያስቀምጣል።

ሁለት ኪሎ የስንዴ ዱቄት ለአሥራ ሁለት ልጅና ለእናቶቻቸው ይበቃል። ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጊበት። ውኃው ለብ ያለ እንጂ ትኩስ አይሁን፤ ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። የከተማችን የአዳማ ሙቀት ሊጥን ቶሎ ስለሚያነሣ ማታ አቡክተሽ እንዳትተኚ፤ ኮምጥጦ ታገኚዋለሽ። ጠዋት ማልደሽ አቡኪው፣ ከፍ ሲል በኮባ ላይ ገልብጪው። ኮባውን አስቀድመሽ በእሳት ለብለብ አድርጊው፤ ይለሰልስና ሲጠቀለል አይቀደድም። ልጅሽ አጠገብሽ ትቁምና ኮባው ላይ ሊጡን በመዳፏ ትጫነው። ሲበስል የእሷ ጣት ምልክት ላዩ ላይ ይቀራል፤ አንዳንዱ ጎድጉዶ፣ አንዳንዱ ተነፍቶ። እንግዶቹ ፊት ስታቀርቢው «ይህን የነካችው እሷ ናት» በይ።

ቅቤ ለሚበሉት ደግሞ ከአርሲ ጭኮ አስመጪ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ አሰላ ዘመድ ያለው ጎረቤት አታጪም። በትንንሹ ድቡልቡል አድርገሽ ብታቀርቢው ልጅ ለመያዝም ለመጉረስም ይመቸዋል፣ ስኳርም የለበትም። ለየልጁ ይዞት የሚሄደው ነገር ከፈለግሽ ከቡሄ ተዋሺ፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ሙልሙል ጋግረሽ በጨርቅ ቁራጭ ቋጥሪለት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ደረቅ ከረሜላ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቡና ስለሚፈላ ፈንዲሻው መበተኑ አይቀርም፤ ለትልልቆቹ በሰፌድ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። እኛ በልጅነታችን ወንጂ ይሠራ የነበረውን ደስታ ከረሜላ እየመጠጥን ሮጠን አድገናል፤ ያኔ ማንም አልነገረንም። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንዲሁ ጉሮሮ ይዘጋል፤ በእኛ ግቢ ግራር ሥር ደግሞ ፊኛ ሳይፈነዳ አይውልም።

ነፋሱን ታውቂዋለሽ። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተመረቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ እኛ ከተማ ዳር ላይ የቆመው ያለ ነገር አይደለም፤ በበጋ ወራት እዚህ ልብስ ከገመድ ይነጥቃል። ይህን ነፋስ ልትሸሺው አትሞክሪ፤ እንግዳ አድርጊው። ልጅሽ በአውቶቡስ ስትሄዱ ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን ነጫጭ ክንፎች እየጠቆመች መጮኋን ነግረሽኛል። ለየልጁ በእንጨት ላይ የምትዞር ወረቀት ሥሪላቸው። አራት ማዕዘን ጠንካራ ወረቀት ከአራቱ ጫፍ ወደ መካከል ቁረጪ፤ መካከሉ ጋ ሳትደርሺ አቁሚ። ከዚያ አንድ አንዱን ጫፍ እየዘለልሽ ወደ መካከል አጥፊና በቀጭን ሽቦ መቃ ላይ እሰሪው። የሽቦውን ጫፍ ጠምዝዘሽ ቅበሪው፣ እጅ እንዳይወጋ። አሥራ ሁለት ልጅ ይህን ይዞ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ሌላ ጌጥ አያሻሽም።

ሻማው ግን ከነፋሱ ጋር አይስማማም። ሻማ በልደት ኬክ ላይ መትከል ጀርመኖች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለልጆቻቸው ሲያደርጉት የነበረ ነው፤ ለእኛም ደርሷል፣ ልጆቹም ይወዱታል፤ አትከልክያቸው። ቤት ውስጥ አስገብተሽ ሦስት ሻማ አብሪላት፤ ከተሰቀለው ጨርቅና ከወረቀቱ ራቅ ይበል። ጧፍ ቢያምርሽም ተዪው። ጧፍ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ተነፍቶ የሚጠፋ መጫወቻ ሲሆን ማየት ለእኔ ይከብደኛል። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ሽማግሌ ይመርቅበት። እኛ ግቢ አንዱ አዛውንት በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ ሲመርቁ ልጆቹ ለሁለቱም እኩል አሜን ይላሉ፤ ሁለቱንም ጥሪያቸው።

ሰዓቱን ከ9 እስከ 11 አድርጊው። ከምሳ በኋላ የተኛ ልጅ አይነጫነጭም። ጨዋታ ብለሽ አታስቸግሪያቸው፤ በሦስት ዓመት ውድድር አይገባቸውም። የጨርቅ ኳስ፣ ለእቃቃ የሚሆን የጭቃ ሸክላና ጣሳ፣ ትንሽ አሸዋ ይበቃል። አባቷ ከትልቅ ካርቶን ጋሪ ይሥራላት፤ ገመድ አስሮ ሁለት ሁለት እያሳፈረ ግቢውን ይዙር። በእኛ ጊዜ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ የጋሪ ከተማ ነበረች፤ የፈረሶቹን ቃጭል ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ቃጭል ካገኘሽ ጋሪው ላይ አንጠልጥዪበት።

ልጆቹ ሲደክሙ ተረት ይነገራቸው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አብረው ጀምረው ለአሥርት ዓመታት የአገሩን ልጅ ሁሉ ያሳደጉት በወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን አንዴ እንደ ጅብ አንዴ እንደ ጥንቸል እየለዋወጡ በመተረት ነበር። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፤ በጎረቤት መስኮት ተደራርበን ነበር የምናያቸው። አያትሽ ተረት ይችላሉ። ማንም ስለማይጠይቃቸው ነው ዝም የሚሉት። ከፍ ያለ ዱካ ስጫቸው፣ ልጆቹን ሰሌን ላይ አስቀምጪ፣ ስልኮቹን ሰብስቢ። አጭር ተረት ይምረጡ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚቀመጥ የለም።

ፎቶውን አንድ ብቻ አድርጊው። ብዙ ታነሺያለሽ፣ አውቃለሁ፤ ወረቀት ላይ የሚታተመውን ማለቴ ነው። ድሮ ፎቶ ቤት ስንሄድ ከኋላችን ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት መጋረጃ ይዘረጋ ነበር። አንቺ የእናትሽን ጥልፍ አልጋ ልብስ ግድግዳው ላይ ዘርጊ፣ ትንሿን ዱካ አስቀምጪ፣ 10 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ልጅቷን ከሁለቱ አያቶቿ መካከል አስቀምጫት። ፈገግ በይ እያልሽ አታስጨንቂያት፤ ዳቦዋን ይዛ ትነሣ።

የእኔ የልጅነት ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። አንዲት ሴት አቅፋኛለች፤ ማን እንደሆነች የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፤ ጀርባው ባዶ ነው። አንቺ ካሳተምሽ በኋላ ጀርባውን ገልብጪና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ያሉትን ሰዎች ስም በተቀመጡበት ተራ፣ ዳቦውን ማን እንደጋገረና ተረቱን ማን እንደተረተ ጻፊበት። በእርሳስ ይሁን፤ የብዕር ቀለም ከጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይሠርጋል።