ኮፈኑ ውስጡን ሲያሳይ

ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ዐሥረኛ መጽሐፉ አስመስሎ ሠሪን ክፉኛ ይከሳል። ሠዓሊ ጫማ ሰፊን ለመሣል የጫማ ስፌት ማወቅ አያስፈልገውም፤ መልኩን ከያዘ ይበቃዋል፤ ስለዚህም ሥራው ከእውነት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይቀራል። ይህ ክስ ትንንሽ የመኪና ሞዴል በሚሠሩ ሰዎችም ላይ ብዙ ጊዜ ይጸናል። ኮፈኑ ተዘግቶ የተጣበቀ ሞዴል ከሥሩ ባዶ ቢሆን ማን ይጠይቀዋል? ኮፈኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን ግን ክሱ ይላላል ብዬ እሞግታለሁ።

ጄኔራል ሞተርስ ከሮም ኤንድ ሃስ ኩባንያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1939 ለኒው ዮርኩ የዓለም ትርኢት ያቀረበውን ፖንቲያክ እንመልከት። የውጭ አካሉ፣ ኮፈኑ ጭምር፣ ከፕሌክሲግላስ የተሠራ ነበር። ድሮ በላሜራ የሚሸፈነው አጽም አሁን ስለሚታይ መዳብ ተቀባ፤ ሌሎች ክፍሎች ክሮም ተለበጡ፤ ጎማዎቹ እንኳ ነጭ ሆኑ። ታዲያ ለመታየት የተኳለ ውስጥ እውነተኛ ውስጥ ነውን? ተቃውሞው ብርቱ ነው፤ ማጋለጥ ራሱ ለማስጌጥ እንደሚገፋፋ ያሳያልና። ሆኖም መዳቡ የብረቱን ቀለም ለወጠ እንጂ የቆመበትን ቦታና የተሸከመውን ሸክም አልለወጠም።

ይህን መኪና በ1/25 መጠን የሚሠራ ሰው ከስድስቱ ካንዴላዎች የሚነሡት ሽቦዎች ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ ቢሳሳት ማንኛውም መካኒክ በኮፈኑ አሻግሮ ያየዋል። መልክን ለመያዝ ብቻ የጀመረው ሥራ ሳይወድ ወደ አሠራሩ ይወስደዋል። «ኮፈኑ ራሱስ ሐሰት አይደለም?» የሚል ይኖራል። በእርግጥም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ በዚህ መጠን 0.12 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ እንዲህ የሳሳ ገጽ ግን በሙቀት ለስልሶ በቅርጽ ላይ ሲሳብ ማዕዘኑ ላይ ይቀደዳል፣ ቢተርፍም ይረግባል። ስለዚህ ሠሪው አወፍሮ ይሠራዋል። በልኬት ይስታል፤ የሚስተው ግን ፕላስቲኩ እንዴት እንደሚሳብና የት እንደሚደክም ስላወቀ ነው።

ሞተሩ እንደማይነሣ እቀበላለሁ። ፕላቶ ራሱ ተጠቃሚን፣ ሠሪንና አስመሳይን ይለያል፦ ዋሽንት ነፊው ያውቃል፣ ዋሽንት ሠሪው ከእርሱ ሰምቶ በትክክል ያምናል፣ ሠዓሊው ከሁለቱም የለም። ሞዴል ሠሪው የሾፌሩን ዕውቀት አያገኝም። ሽቦውን እስከ ካንዴላው ከተከተለ በኋላ ግን ከሠዓሊው ጋር የሚያስቀምጠው ምክንያት አይታየኝም፤ ቦታው ከዋሽንት ሠሪው አጠገብ ነው።