ማንም ያላየው ባሕር ለማን ተፈጠረ?

የሥነ ፍጥረት ትምህርት ሲጀመር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ፈጣሪ ፍጥረታትን ለምን ፈጠረ?» የሚል ነው። መልሱም የታወቀ ነው። ሰውና መላእክት ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ ተፈጠሩ፤ የቀሩት ደግሞ ከፊሎቹ ለአንክሮ ለተዘክሮ፣ ከፊሎቹ ለምግበ ሥጋ ለምግበ ነፍስ። ስንዴው ይበላል፤ ከዋክብቱ ታይተው ይደነቅባቸዋል። መንገዱ ሁሉ ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል። ታዲያ ከሰው ዓይንም ከሰው ማዕድም ርቆ፣ በወፍራም በረዶ ተከድኖ የኖረ ባሕር ቢኖር፣ በውስጡም ነፍስ ያለው ነገር ቢገኝ፣ በየትኛው ወገን ይመደባል?

ጥያቄው የተረት አይደለም። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1610 በመነጽሩ ካያቸው አራት የጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ ዩሮፓ ናት፤ ከእኛዋ ጨረቃ ጥቂት ታንሳለች። በእርሱ ስም የተጠራችው መንኩራኩር በ1990ዎቹ በአጠገቧ ስታልፍ የለካችው መግነጢሳዊ መስክ፣ ከበረዶው ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መኖሩን አመለከተ። ከሁሉ የተሻለው ማብራሪያ ጨዋማ ባሕር ነው፤ መጠኑም የምድር ውቅያኖሶች በሙሉ ካላቸው ውሃ እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ከፀሐይ ያን ያህል ርቆ ውሃው ሙሉ በሙሉ በረዶ ያልሆነበት ምክንያትም ታውቋል። ዩሮፓ በ3 ቀን ተኩል ጁፒተርን ስትዞር አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ ስለምትል፣ የግዙፉ ፕላኔት ስበት እንደ ሊጥ እያሸ ውስጧን ያሞቀዋል። የሳተርን ጨረቃ የሆነችው ኢንሴላደስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትሆንም ምስጢሯን ራሷ ታወጣለች። ካሲኒ የተባለችው መንኩራኩር በ2005 ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ወደ ሕዋ ሲወረወር አየች፤ ከዚያም ደጋግማ በመካከሉ እያለፈች ቀመሰችው። ጨው ተገኘበት፤ ካርቦን ያለባቸው ውህዶች ተገኙበት፤ በ2017 ሃይድሮጂን መኖሩ ይፋ ሆነ፤ መንኩራኩሯ ከጠፋች በኋላ እንኳ የላከችው መረጃ እንደገና ተመርምሮ በ2023 ፎስፌት ተጨመረ። ከሁሉም ክብደት ያለው ሃይድሮጂኑ ነው፤ በምድራችን ሃይድሮጂንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋህደው ሚቴን እያወጡ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉና። እንግዲህ ማዕዱ ቀርቧል፤ በላተኛ መኖሩ ግን እስካሁን አልታወቀም።

«ያልተገኘ ነገር ምን ያከራክራል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ ግን ሩቅ መሄድም አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1977 አልቪን የተባለችው ጠላቂ ጀልባ በጋላፓጎስ አቅራቢያ 2,500 ሜትር ያህል ወርዳ፣ ከባሕሩ ወለል በሚፈልቅ ፍል ውሃ ዙሪያ የፀሐይ ጮራ በማይደርስበት ጨለማ የተሰበሰቡ እንስሳት አገኘች። የምግባቸው መነሻ ቅጠል ሳይሆን ከምድር ሆድ የሚወጣ ኬሚካል ነው። እነዚህ ፍጥረታት ሰው ከመኖሩ በፊት ኖረዋል፤ ማንም አልበላቸውም፣ ማንም አይቶ «ዕፁብ!» አላለባቸውም። ጥያቄው እንግዲህ የገዛ ባሕራችን ጥያቄ ነበር፤ ዩሮፓ አሰፋችው እንጂ አልወለደችውም።

ቀላሉ መልስ «አሁን ስለታዩ አሁን ለአንክሮ ሆኑ» የሚለው ነው። ይህ አያረካኝም። እንዲህ ከተባለ ለሰው ያልተፈጠረ ነገር ሊኖር አይችልም፤ መልሱም ምንም ሊያፈርሰው ስለማይችል ምንም አይነግረንም። ደግሞስ አሻራ ሳይተዉ የጠፉትን ምን ልንላቸው ነው? ከዚህ የሚጠነክረው «መላእክት ያያሉ» የሚለው ነው። እርሱም ቢሆን ተመልካቹን ለወጠው እንጂ፣ የፍጥረት ዋጋ በተመልካች ላይ ይቆማል የሚለውን ሐሳብ አልነካውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ያ የታወቀ መልስ የሚናገረው ሰው ከፍጥረት ምን እንደሚቀበል ነው፤ ፍጥረቱ በፈጣሪው ፊት ምን እንደሆነ አይደለም። ሁለቱን ስናምታታ ተቀባዩን የስጦታው ልክ እናደርገዋለን። ለዚህ ምስክሬ ራሱ ዘፍጥረት ነው። ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ሲሆን፣ ፍጥረት መልካም መሆኑ የታየው ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። «ቤቱ ለሰው እየተሰናዳ ስለሆነ ነው» ቢባል፣ በአምስተኛው ቀን ተፈጥረው የተባረኩት ታላላቅ አንበሪዎች ለቤት የሚሆኑ ዕቃዎች አይደሉም። መጽሐፈ ኢዮብ ይብሳል። ፈጣሪ ለኢዮብ ሲመልስ ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ዝናብ የሚያዘንበው ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎም ሰው ሊገራቸው ስለማይችሉ አራዊት ይተርክለታል። ያ ዝናብ እህል አያበቅልም፣ የሚያየውም የለም፤ ግን ይዘንባል። ይህን ላነበበ ሰው የኢንሴላደስ ባሕር እንግዳ አይሆንበትም።

ከሌላው ወገን ደግሞ የማያምነው ይነሳል። «ዋጋ ሰው የሚሰጠው ነገር ነው፤ ሰጪ በሌለበት ዋጋ የለም» ይላል። ይህን ለሚል ሰው የካሲኒን ፍጻሜ አስታውሰዋለሁ። ነዳጇ ሊያልቅ ሲል መስከረም 15 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አዛዦቿ ሳተርን ውስጥ ወርውረው አቃጠሏት፤ ከምድር ይዛቸው የሄደች ረቂቅ ተሕዋስያን ካሉ፣ ኢንሴላደስ ወይም ሌላዋ የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ ወድቃ እንዳትበክል ብለው ነው። ጋሊሊዮ መንኩራኩርም በ2003 ለዩሮፓ ሲባል ጁፒተር ውስጥ ገብታለች። «ለምርምራቸው ንጽሕና ነው እንጂ ለተሕዋስያኑ አዝነው አይደለም» ቢባል እውነትነት አለው፤ የ1967ቱ የሕዋ ስምምነትም የሚከለክለው ጎጂ ብክለትን ነው እንጂ ስለ መብት አያወራም። ነገር ግን ምርምሩ ራሱ ምን ይፈልጋል? ያለ እኛ የሆነውን፣ እጃችን ያልነካውን ነው። ዋጋው ከእኛ ባለመምጣቱ ላይ ከሆነ፣ ዋጋ ሰጪዎቹ እኛ ነን ማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ ከጠፈር በላይ ስላለው ውሃ ሊቃውንቱ ሐኖስ ብለው ያስተማሩትን አንስቶ «ይኸው ተገኘ!» ማለት። አልልም። ሐኖስን በጁፒተር ጨረቃ መተርጎም ሃይማኖቱንም ሳይንሱንም አያከብርም፤ ነገ መለኪያው ሲሻሻል ትርጓሜው አብሮ ይወድቃል።

ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የተወነጨፈችው ዩሮፓ ክሊፐር በ2030 ጁፒተር ደርሳ በዩሮፓ አጠገብ 49 ጊዜ ታልፋለች። ሥራዋም ባሕሩ ለሕይወት የሚመች መሆኑን ማጣራት ነው፤ ሕይወትን ራሱን መፈለግ የተላከችበት አይደለም። ምናልባት ባሕሩ ባዶ ይሆናል። ለእኔ ክርክር ከባዱ ይህ ነው፤ ለሕያው ፍጥረት የተሟገትኩትን ያህል ለባዶ ውሃ ልሟገት እችላለሁን? ብርሃንና ከዋክብት ሕይወት ሳይኖራቸው መልካም ተብለዋል፤ እነርሱ ግን ለምድር ያበራሉ። የሚቀርበው ምሳሌ ውሃ ከውሃ የተለየበት፣ ሕይወት ያልነበረበት ሁለተኛው ቀን ነው። በዕብራይስጡ ጽሑፍ በዚያ ቀን መልካም የሚል ቃል የለም፤ በሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን አለ።