የሃርለም ትከሻ የማን ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ዳባት ሄጄ፣ "እዚህ ድረስ መጥተህ ደባርቅን ሳታይ አትመለስም" ተብዬ አንድ ሌሊት ደባርቅ አደርኩ። የማለዳው ብርድ ጣት ይቆርጣል። አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሊወጡ መኪና የሚጠብቁ ሁለት ፈረንጆች ከአንድ የሃያ ዓመት ግድም አስጎብኚ ጋር ከጎኔ ተቀመጡ። ልጁ ስለ ዋልያው፣ ስለ ጭላዳው ተናግሮ ሲያበቃ ድንገት "ሃርለም ሼክ የሚባለውን ታውቁታላችሁ አይደል? የሄደው ከዚህ ነው" ብሎ ትከሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰበቀላቸው። ፈረንጆቹ በመደነቅ ሳቁ። እኔ ግን ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ሲነሡ ልጁን ጠጋ ብዬ ይህን ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት። "ተማሪ ሳለን በሚኒ ሚዲያ አንብበውልናል። ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው፣ ጋሼ" አለኝ በሙሉ ልብ። ከዚያም ከጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ወጣው። ዓረፍተ ነገሩን አወቅሁት። የእኔ ነው።

በየካቲት 2005 ዓ.ም.፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ለአንድ ጋዜጣ የጻፍኳት አጭር መጣጥፍ ነበረች። ያን ወር ዓለም አብዶ እንደነበር አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። ግማሽ ደቂቃ የምትሆን ፊልም ናት። መጀመሪያ ጭምብል ወይም የሞተር ቆብ ያጠለቀ አንድ ሰው፣ ሌሎቹ ከቁብ ሳይቆጥሩት፣ ብቻውን ይወዛወዛል፤ ከዚያ ሙዚቃው ሲፈነዳ ክፍሉን የሞላው ሰው ሁሉ ዛር እንደወረደበት ይንዘፈዘፋል። ማጀቢያው ባወር የተባለው የኒውዮርክ ዲጄ በቀደመው ዓመት ያወጣው ዜማ ነው። ያልገባበት ቢሮና ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ካይሮ ላይማ ወጣቶች የሙስሊም ወንድማማቾች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ በተቃውሞ መልክ ጨፍረውታል። በዚያው ሰሞን "የዚህ ውዝዋዜ ሥሩ የኢትዮጵያ እስክስታ ነው" የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ ይዞር ነበር። እኔም አነሣሁት፤ ከራሴ "የጎንደር" የምትል ቃል ጨመርኩበት፤ ወጣ። ምንጬ አንድ ገጽ፣ የገጹ ምንጭ ሌላ ገጽ። ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል አሜሪካ አደረሰው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ደስ የሚለውን ነገር ማን ይመረምራል!

ውዝዋዜው ግን ባለቤት አለው። አልበርት ቦይስ ይባላል፤ የሠፈሩ ሰው "አል ቢ" ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሃርለም፣ ሩከር ፓርክ በተባለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ ተጫዋቾቹ እረፍት ሲወጡ ገብቶ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ሕዝብ ያዝናና ነበር። ውዝዋዜው መጀመሪያ የተጠራውም በእሱው ስም ነው። በ2003 ስለ አመጣጡ ሲጠየቅ፣ የሰካራም መንቀጥቀጥ ነው ብሎ በራሱ ከቀለደ በኋላ ነገሩን ከጥንት ግብጽ ሙሚያዎች ጋር አያያዘው። እጅ እግሩ በጨርቅ የተገነዘ ሰው ከመንቀጥቀጥ በቀር ምን ይችላል ማለቱ ነው! ኢትዮጵያን አላነሣም። ከሠፈር ወጥቶ አሜሪካን ያዳረሰው በ2001፣ ጂ. ዴፕ የተባለ የሃርለም ራፐር ባወጣው ክሊፕ ነው። የ2013ቱ እብደት ስሙን ብቻ ወስዶ ውዝዋዜውን ጣለው። ሃርለም ጎዳና ላይ ፊልሙ የታያቸው ሰዎች ይህ የኛ አይደለም ብለው ተቆጡ። ቦይስ ግን ያን አላየም፤ በ2006 ሞቷል።

ለመሆኑ ወገንን የሚያስደስት፣ ማንንም የማይጎዳ የሚመስል ውሸት ጥፋቱ ምን ላይ ነው? አንድ ወዳጄ "ልጁ እንጀራ ይብላበት፣ ፈረንጁም ተደስቶ ይሂድ፤ ማን ተጎዳ?" ይለኛል። በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ደባርቅ በእንግዳ የሚኖር ከተማ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደጃፉ ድረስ መጥቶ፣ አስጎብኚውና በቅሎ አከራዩ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበትን ጊዜ ያሰበ ሰው፣ ያን ልጅ በአንዲት ወሬ ለመገሠጽ አፍ የለውም። እኔማ ጭራሽ የለኝም።

ነገር ግን የተጎዳ አለ። "የእኛ ነው" ስል ከአንድ ሰው እጅ መውሰዴ ነው። ያውም መድረኩ የሠፈር ሜዳ ከነበረ ጥቁር ሰው። ሌሎቹ ስሙን ወሰዱበት፤ እኔ ፈጠራውን። ፈረንጅ ቅርሳችንን ዘረፈን እያልን የምንጮኽ ሰዎች እንዲህ ያለውን መውሰድ ግን "ኩራት" እንለዋለን። መመሳሰሉስ? ቢባል፣ ትከሻ የሌለው ሕዝብ የለም። ዘፈን ሲሰማ ትከሻው የሚነሣ ሰው ሁሉ ከወገራ የተበደረ አይደለም። ደግሞስ (እዚህ ላይ ትንሽ ምሬት ይፈቀድልኝ) እስክስታውን በማሲንቆ ሲያስወርደን የኖረውን ሰው "አዝማሪ" ብለን እንደ ስድብ እየጠራን፣ ልጃችንን አንሰጥህም እያልን፣ አሜሪካ ሄደ ሲባል ነው እንዴ የምንኮራበት?

ያን ቀን ልጁ እስኪመለስ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ዋልኩ። ቁልቁል የሚጠማዘዘው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ የሠራው ነው። እሱን ሳይ ነው ሃርለም እንደገና ትዝ ያለችኝ። ያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ሃርለም ሰልፍ ወጥታለች፣ ገንዘብ አዋጥታለች፣ ለኢትዮጵያ ልዝመት ብሎ ስሙን ያስመዘገበም ነበረባት። ሐኪሙ መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን ያቋቋመው እዚያው ኒውዮርክ ነው። በ1808 የተመሠረተችው፣ ስማችንን የተሸከመችው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ሃርለም ውስጥ አለች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ጎብኝተዋታል። ይህን ሁሉ ትቼ ነው ላም አለኝ በሰማይ ያልኩት።

ማታ ለልጁ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጸሐፊው እኔ መሆኔንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ ነገ ምን ልበላቸው፣ ጋሼ?" አለኝ። የሰልፉን ነገር ንገራቸው አልኩት። "እሱ ትከሻ አያስነቅልም" ብሎ ሳቀ። መልስ አላገኘሁለትም።

በማግሥቱ ስመለስ ዳባት ላይ፣ በሠርጉ የተጫወቱትን ሽማግሌ አዝማሪ ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ጂ. ዴፕ ያወጣውን ክሊፕ ከስልኬ ከፍቼ "ይኼ እስክስታ ነው አባባ?" አልኳቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና እስኪያልቅ አዩት። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት።

"ጎበዝ ናቸው። ግን እስክስታ ከደረትና ካንገት ነው የሚነሣ፤ ወገቡን ይዞ ነው የሚወርድ። እነዚህስ እጃቸውን ጥለውታል። የራሳቸውን ነው የሚወርዱ" አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ "ማን ነው ያስጀመራቸው?" አሉኝ።

"አል ቢ የሚባል ሰው ነው።"

"አለ?"

"ሞቷል።"

"ነፍስ ይማር" አሉና ስልኬን መለሱልኝ።