ሲካፈሉት የሚበዛ ሀብት

የሰው ልጅ እንጀራ፣ ልብስና መጠለያ ይሻል። እነዚህ ሳይሟሉ ስለ አበባ መናገር ለብዙዎች ቅንጦት መስሎ ይታያል። ሆኖም በድኻ ጎጆ ደጃፍ ላይ፣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ አበባ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ያን ቆርቆሮ አፈር የሞላው እጅ እንጀራ የተረፈው እጅ አይደለም። እንግዲህ «አበባ ለሰው ያስፈልገዋልን?» የሚለውን ጥያቄ ሕይወት ራሷ መልሳዋለች ማለት ይቻላል። ያልተመለሰውና በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሌላ ነው፤ ይኸውም አበባውን የያዘ ሰው ለጎረቤቱና አበባው ለተገኘበት ምድር ያለበት ግዴታ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ለምርመራችን ከሰሜኑ የዓለም ክፍል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃና ልምላሜ ማለታችን ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን ክረምት የልምላሜ ተቃራኒ ነው። በታኅሣሥ ወር በስቶክሆልም ከተማ ፀሐይ የምትታየው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዛፉ ይራቆታል፤ መሬቱ በበረዶ ይጠነክራል፤ ሰውም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። በዚህ ወቅት በመስኮት ደፍ ላይ ወይም በፍሎረሰንት መብራት ሥር የሚያብብ፣ ቅጠሉ ለስላሳ ጸጉር የለበሰ፣ አበባው ብዙውን ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አንድ ትንሽ ተክል አለ። ስሙም የአፍሪካ ቫዮሌት ይባላል።

ስሙ እንደሚመሰክረው ይህ ተክል የበረዶ አገር ተወላጅ አይደለም። ዋና የትውልድ ቦታው በሰሜን ምሥራቅ ታንዛንያ የሚገኘው የኡሳምባራ ተራራ ደን ነው። በዚያ በዛፎች ጥላ ሥር፣ በእርጥብ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። ለጥላ የተፈጠረ በመሆኑም የቤት ውስጥ ኑሮ አይከብደውም፤ በቂ ብርሃንና ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ካገኘ ወቅት ሳይመርጥ ያብባል። አገሪቱ በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ በታንጋ አካባቢ ሹም የነበረው ዋልተር ፎን ሴንት ፖል ኢሌር እ.ኤ.አ. በ1892 ገደማ ተክሉን ጀርመን ለሚኖሩት አባቱ ላከው። እ.ኤ.አ. በ1893 የዕፀዋት ሊቁ ሄርማን ቬንድላንድ «ሴንትፖሊያ» ብሎ ሰየመው። የዘመኑ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2015 ከስትሬፕቶካርፐስ ወገን ቢደምሩትም አሮጌው ስም ከሰው አፍ አልጠፋም። ስለዚህ አበባው እስከ ዛሬ የሹሙን ስም ተሸክሞ ይኖራል፤ የተራራው ስም ግን በዚያ መጠሪያ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የዚህ ተክል ዋነኛ ጠባይ የሚገለጸው በአረባቡ ነው። አንድ ጤነኛ ቅጠል ከነዘንጉ ተቆርጦ እርጥበት ባለው ልል አፈር ውስጥ ይተከላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ወራት ሲያልፉም ከግርጌው ጥቃቅን ችግኞች ብቅ ይላሉ። ከአንድ ቅጠል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ችግኝ ይገኛል። ችግኞቹ ተለያይተው በየማሰሮው ተተክለው እንክብካቤ ካገኙ እነርሱም በተራቸው ያብባሉ። እናቲቱ ተክል አንድ ቅጠል በመስጠቷ ምንም አልጎደለባትም። ከዚህም የተነሣ አበባው በገበያ ብቻ ሳይሆን በእርጥብ ወረቀት እየተጠቀለለ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ተዛምቷል።

የእኛ እናቶች ይህን ሕግ በማጀታቸው ያውቁታል። ጎረቤቷ እሳት ልትጭር ስትመጣ ፍም የሰጠች ሴት ምድጃዋ አይቀዘቅዝም። እርሾ የሰጠችም ሴት ሊጧን ማቡካት አያቅታትም። መምህሩ ፊደል ሲያስቆጥር ፊደሉ ከእርሱ አይቀነስም። እንጀራ ግን ለሁለት ሲቆረስ ለባለቤቱ የሚቀረው እኩሌታው ነው፤ ስለዚህ እንጀራን ማካፈል መሥዋዕትነት ነው። ከዚህ የምንረዳው ስስት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። እንጀራውን የከለከለ ሰው ቢያንስ ነገ እንዳይራብ ፈርቶ ነው። ቅጠሉን የከለከለ ሰውስ ምን ፈርቶ ነው? የሚፈራው ማጣትን አይደለም፤ የሌላውን ማግኘት ነው። አበባውን የሚወደው ስለ ውበቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ስለሌለው ነው ማለት ነው። ውበትን ከሌሎች እጦት ጋር አቆራኝቶ የሚወድ ሰው ደግሞ ውበትን አያውቃትም።

የስጦታው ጥቅም በዚህ ብቻ አይወሰንም። በዚያ በረዥም የብርድ ወራት ትልቁ ጠላት ብርዱ ብቻ ሳይሆን ብቸኝነትም ነው። ቅጠል የሰጠች ጎረቤት ከሳምንታት በኋላ «እኅቴ፣ ሥር አወጣልሽ ወይ?» ብላ በር ለማንኳኳት ምክንያት ታገኛለች። ተቀባይቱም ውሃው በዝቶ እንደሆነ፣ ብርሃኑ አንሶ እንደሆነ ትጠይቃለች። አንዲት ቅጠል በሁለት በሮች መካከል መንገድ ትጠርጋለች።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። አዲስ ቀለምና አዲስ ቅርጽ ያለው ዝርያ ለማግኘት ዓመታት የደከመ አዳቃይ አለ። ሁሉም ሰው ቅጠል እየቆረጠ ከተቀባበለ የእርሱን ድካም ማን ይክፈለው? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣችው የተክል ፓተንት ሕግ መሠረት፣ መብቱ የተመዘገበለትን ዝርያ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በቅጠል ወይም በቁራጭ ማራባት የተከለከለ ነው። በሌላ በኩል አዳዲስ የተክል ዝርያዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሻሻል፣ በግልና ለንግድ ባልሆነ ዓላማ የሚፈጸመውን ተግባር ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ሁለቱ ሕጎች ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። በበኩላችን የአዳቃዩ ድካም ሊከበር ይገባዋል እንላለን። በሺህ የሚቆጠር ቅጠል አራብቶ የሚሸጥ ሰው በሌላው ላብ የሚኖር ነው። ለጎረቤቷ አንድ ቅጠል በወረቀት ጠቅልላ የምትሰጠዋን ሴት ግን ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጓደል ነው። ሕጉ በጸናበት አገርም ቢሆን የመብት ጥያቄ የማይነሣባቸው የቆዩ ዝርያዎች ሞልተዋልና የመስጠት በር ፈጽሞ አልተዘጋም።

ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ ራሱ ወደ ጠለቀ ጥያቄ ይመራናል። የአዳቃዩ ድካም ዋጋ የሚገባው ከሆነ፣ የደኑስ? አዳቃዩ ከባዶ አልጀመረም፤ የጀመረው ተራራው በረዥም ዘመን ካዘጋጀው ተክል ነው። በኡሳምባራ ደኑ ለእርሻና ለእንጨት ሲባል እየተመነጠረ በመሄዱ ከዱር ዓይነቶቹ አንዳንዶቹ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። በስንት አገር መስኮት ላይ የሚያብብ ተክል በተወለደበት ዐለት ላይ መቆሚያ እያጣ ነው። የመስኮቱ ብዛትም የደኑን ጉድለት አይተካም። በቅጠል የተራባ ተክል የእናቱ ድግግሞሽ ነውና፤ አዲስ ጠባይ የሚፈጠረው በደኑ ውስጥ አበባ ከአበባ ተዳቅሎ ዘር ሲያፈራ ነው። ደኑን የሚመነጥረውን ገበሬ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን እርሱ የሚመነጥረው ስለ እንጀራው ነው፤ በመስኮቱ ውበት ዓይኑን ያጠገበውስ ደኑ እንዲቆም፣ ገበሬውም ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኝ ምን አዋጣ? ለጎረቤት ቅጠል መስጠት መልካም ነው፤ የመጀመሪያውን ሰጪ መርሳት ግን ያን መልካምነት ጎዶሎ ያደርገዋል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ልምድ ያላቸው አትክልተኞችም የሚሳሱለትን ዝርያ አስቀድመው ለወዳጅ ይሰጣሉ። አንድ ሌሊት መስኮት ተከፍቶ ቢያድር፣ ወይም ውሃ በዝቶ ሥሩ ቢበሰብስ፣ ባለቤቱ አምና ወደ ሰጠው ጎረቤት ሄዶ የራሱን አበባ ቅጠል መልሶ ይቀበላል። የደበቀው ሰው ግን ተክሉ ከሞተ ወዴትም አይሄድም። እንግዲህ በእጅ የቆየው የተሰጠው ነው፤ የጠፋውም የተደበቀው ነው።

የኡሳምባራ ደን ማንም ሳያስፈቅደው ለዓለም መስኮቶች ሁሉ ሰጥቷል። አሁን የጎደለበት እርሱ ነው። በሩን የሚያንኳኳለት ጎረቤት ማን ይሆን?