ሰውን ለሥራ ከመቅጠር በፊት ስለ መመርመር

ሳይመረምሩ ማመን የዋህነት ይመስላል፤ ያለ ልክ መመርመርም ጥንቃቄ ይመስላል። ሁለቱም ግን በመልካም ስም የተሸፈኑ በደሎች ናቸው። ገንዘብ ያዥ ወይም የሕፃናት መምህር ወይም የመጋዘን ዘበኛ የሚቀጥር ሰው የሚያስረክበው የሌላውን አደራ ነው እንጂ የራሱን ብቻ አይደለም። ስለዚህ የእገሌ ልጅ ነው፥ የአገሬ ሰው ነው ብሎ ሳይጠይቅ የሚቀጥር በሌላው ንብረት ቸር ሆነ እንጂ ቸርነት አደረገ አይባልም። ጉዳት በደረሰ ጊዜ የሚያለቅሱት ሲቀጠር ያልተጠየቁት ናቸውና።

የቀደሙ አባቶች ይህን ዐውቀው ዋስ መጥራትን ሥርዓት አደረጉ። የዋስነት ሰሙ የጠፋውን ማስከፈል ነው፤ ወርቁ ግን ሰውየውን በቅርብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ቃሉን ማስያዙ ነው። ዛሬም ገንዘብና ዕቃ የሚረከብ ሠራተኛ በብዙ መሥሪያ ቤት ተያዥ አምጣ ይባላል፤ የጣት አሻራውን ሰጥቶም ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ከፖሊስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው።

ዳሩ ግን የምርመራ በር አንድ ጊዜ ከተከፈተ ወሬ ከእውነት ቀድሞ ይገባል። የሒሳብ ጸሓፊ የሚፈልግ ቀጣሪ የሒሳብ ዕውቀቱን መጠየቅ ትቶ ስለ ጋብቻው፥ ስለ ዘሩና ስለ ሕመሙ ከጎረቤት ያጠያይቃል። ሕግም ስለዚህ ድንበር አበጀ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ የቀድሞ አሠሪ ለተሰናበተው ሠራተኛ ያለ ክፍያ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል፤ በዚያም እንዲገለጽ የሚያዝዘው የሥራው ዓይነት፥ የአገልግሎቱ ዘመንና የደመወዙ ልክ ነው፤ የአሠሪው ቂም በዚያ ስፍራ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የታወጀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም መረጃ ለታወቀና ለተወሰነ ዓላማ እንዲሰበሰብ ያዝዛል፤ ለባለቤቱም የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ይሰጠዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ወድቆ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከደጅ ይቁምን? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ መሰየም የሚባል ሥርዓት አለው። ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰነውን ዘመን በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሲፈቀድለት የቀድሞው ፍርድ ከመዝገብ ይሠረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንግዲያ መዝገብ የሠረዘውን የሰው አንደበት መልሶ ሊጽፈው አይገባም። ገና ያልተሰየመውም ቢሆን ጥፋቱ ከሚለምነው ሥራ ጋራ ይመዘን። አደራ የበላ ሰው የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ባይሰጠው የከለከለው ፍርደ ገምድል አይባልም። በጎልማሳነቱ በጠብ ሰው የመታ ግን ዛሬ ሒሳብ እንዳይጽፍ ቢከለከል ምክንያቱ ምንድር ነው?

ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርት ፈሩት፤ አሳዳጅ ነበርና ፍርሃታቸው በከንቱ አልነበረም። በርናባስም የቀድሞውን ሳይክድ በኋላ የሆነውን መስክሮ ወደ ሐዋርያት አቀረበው። ወረቀት ሰው ያደረገውን ይናገራል፤ ዛሬ ማን እንደ ሆነ ለመናገር ግን ሕያው ምስክር ያስፈልጋል።

እንግዲህ የቅን መርማሪ ምልክቱ ይህ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ይጠይቃል፤ ሥራ ፈላጊው እያወቀ እንጂ በስውር አይጠይቅም፤ ክፉ ነገር ቢሰማም በሩን ከመዝጋቱ በፊት ሰውየውን ጠርቶ መልሱን ያደምጣል፤ ያወቀውንም ለጨዋታ አያወጣውም። የሰው ገመና በእጁ በገባ ጊዜ ቀጣሪው ራሱ አደራ ተቀባይ ሆኗልና። አደራ ጠባቂ ሲፈልግ የሰውን ገመና የበተነ ቀጣሪ፥ ሌላውን በመረመረበት ምርመራ እርሱ አስቀድሞ ወደቀ።